ሁለት ሰዓት

ከፒያሳ ወርዶ፣ ከአበጋዝ ስፌት ጎን፣
ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ሚሆን
አንዲት ቆርቆሮ ሱቅ፣ የእኔ ናት ዓለሜ፤
ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ በጎበጠ አቅሜ፣
የሰው ሰዓት ከፍቼ ሆዱን አየሁበት፤
የሰው ደቂቃ ነው ልጅ ያሳደግሁበት።

ሰዓዳ የሄደች ለት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣
ጦሳ ጉም ተከናንቦ፣ ዝናብ ሲል፣ ተው ሲል፣
ሻንጣዋን ጫንኩላት ኮምቦልቻ መኪና።
እናቷ ስታለቅስ እኔ አየሁ ጎማውን፤
"ነፋስ ይጎድለዋል" አልኩት ለሹፌሩ፤
ሌላ ቃል አልወጣኝም። ሄዱ፣ ተሰወሩ።

ሴኡል ነው ከተማው። አበጋዝ ሲጠራው
"ሥዕል" ነው የሚለው፤ ማን ደርሶ ያጣራው?
ኔትወርክ ጠፍቶብን ሦስት ቀን አልፎ
ድምጿ መጣ ባንዴ፣ አሥራ አራት ተሰልፎ።

"አባ፣ እዚህ ባቡሩ ከመሬት ሥር ይሄዳል፤
መውጫው አሥር በር ነው፣ አንዱ ካንዱ ይርቃል፤
በአራተኛው ወጣሁ፣ በሰባት ነበረ፤
ሰው እያየሁ ዞርኩኝ፣ ቀኑም ተሻገረ።"

"አባ፣ የዶርሜ በር በቁጥር ነው ሚከፈት፤
ቁጥሩ ጠፋኝና ተቀመጥኩ ደጁ ላይ፣ በሌሊት፤
አንዲት የቬትናም ልጅ ሙዝ ይዛ መጣችና
ግማሹን ሰጠችኝ፣ ምንም ሳትል ገና።"

"ሥጋውን ፈራሁት፣ ሐላል ይሁን አይሁን፤
እንቁላል ነው ራቴ። ለእማ አትንገር ይህን።"

"መምህሩ 'ሳ... ኣ... ዳ' ብሎ
ስሜን ሦስት ቦታ ሰበረው፤
'አቤት' ብዬ ተነሳሁ፤
እሱ አጎነበሰ፣ እኔም እንደሱ ነው።"

"ሁሉም ይሮጣል አባ፣ አባራሪ ሳይኖር፤
እኔም ዛሬ ሮጥኩኝ፤ የምደርስበት ምን ነበር?"

አሥራ አራቱን ሰማሁ፤ ደግሜም ሰማሁኝ፤
"አብሽሪ" ብዬ ላክሁ፤ ሌላው ቃል ራቀኝ።

ሰዓት ሠሪ ምን ይችላል?
አንዲት የግድግዳ ሰዓት አለች፣ ባለቤቷ ጥሎብኝ
ከሰባት ዓመት ወዲህ ያልተመለሰባት፤
አቧራዋን ጠርጌ፣ ዘይት ነክቼላት፣
ከኔዋ ጎን ሰቀልኩ፣ የሴኡልን ልሞላባት።
መምህር ጌጤነህን ጠየቅሁት፤
"በስድስት ሰዓት ይቀድሙናል" አለኝ፤
ስድስት አዞርኳት ወደፊት።

ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት፣ የኔ አንድ ሲመታ
የሷ ሰባት ይላል በቀትሩ ቦታ፤
"ይኼኔ ምሳ በላች" እላለሁ ለብቻዬ።

አንድ ጧት ደወለች፤ ሳቋ ቀድሟት መጣ።
"አባ፣ ስንት ሰዓት ነው?"
"ያንቺማ ሰባት ነዋ!"
"የለም፣ አንድ ነው እዚህ። እነሱ እኮ አባ
ቀን የሚሉት ነገር ሌሊት ላይ ነው የሚገባ።
የሰጠኸኝን ሰዓት፣ ካውሮፕላን ስወርድ
ላስተካክል አልኩና ከግድግዳው ጋር ሳስተያይ፣ አንድ!
እንዳሰርክልኝ ነው፤ አልነካሁትም እስካሁን።
አስበህበት ነው አይደል? እንዲህ እንዲሆን?"

ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ላልሠራሁት ሥራ ሰው ሲያመሰግነኝ
"አልነካሁትም" ብዬ ገንዘቡን መለስኩት፤
ያን ዕለት ግን ዋሸሁ፤
"አዎን" አልኩ፤ ምስጋናዋን ተቀበልኩት።

ስልኩ ሲዘጋ ወንበር ላይ ወጣሁ።
ሰዓት ወደኋላ አይዞርም፣ ይጎዳል ጥርሱ፤
ሌላ ስድስት ወደፊት ገፋሁ፤ ሁለቱ ተገናኙ፣ እርስ በርሱ።

አሁን ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን ያዘግማል፤
ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ሁለት ይላል።
አበጋዝ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ፦
"ይመር፣ ምን ነካህ? አንዱን ብትሸጠውስ?"
"አንዱ ቀን ነው" አልኩት።
"ሌላውስ?"
"ሌሊት።"
"የቱ ነው ሌሊቱ?" አለኝ፤ መለየት አቃተኝ።

ማታ ጉሙ ወርዶ ፒያሳን ሲሞላ
አሥራ ሁለት ላይ ነው የምዘጋ ኋላ፤
እሷም አሥራ ሁለት ነው፣ እኩለ ሌሊቷ፤
ምናልባት ቁጥሩን አስታውሳ ገብታለች ከቤቷ።
መዝጊያውን ስስበው፣ ወደ ሱቁ ዞሬ
"ደህና እደሪ" እላለሁ፤
የሚያልፍ ሰው ይሰማል፤ ግራ ገብቶት ያልፋል።
ነፋስ የጎደለው ጎማ ትዝ ይለኛል፤
እንደምንም ደርሷል።